መነጽሩ ሲጠፋ፦ የዕይታ መነጽርን ስለ መተካትና ስለ ጤና ባለሙያው ድርሻ

እንደሚታወቀው አንድ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑ ጠፍቶበት ወይም ጠርሙሱ ተሰብሮበት ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ ባለሙያው ጉዳዩን ለነገ አያሳድረውም። መነጽሩ የጠፋበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሂድና መነጽር ቤት አሠራ» የሚል ነው። የዕይታ መነጽር በምርመራ የታዘዘ፣ ልኬት ያለው፣ ሲቋረጥም ጉዳት የሚያስከትል ሕክምና ሆኖ ሳለ እንደ ጃንጥላ ወይም እንደ እጅ ሰዓት የግል ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ በሀዋሳ ከተማና በአካባቢዋ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች፣ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች የሚሠሩ ባለሙያዎች «መነጽሬ ጠፋ» የሚል ታካሚ ሲገጥማቸው ከመጀመሪያው ጥያቄ አንሥቶ አዲሱ መነጽር እስከሚደረግበት ጊዜ ድረስ ሊያከናውኑት የሚገባቸውን ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

መነጽር የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። በባጃጅ መቀመጫ ላይ ይረሳል፤ በመናኸሪያ ግፊያ መካከል ይወድቃል፤ በአሞራ ገደል ወይም በጀልባ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ሐይቁ ውስጥ ይጥለዋል፤ ልጅ ይጫወትበታል፤ ባለቤቱ ራሱ አልጋው ላይ ይቀመጥበታል። አጠፋፉ የተለያየ ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው፤ ከመነጽሩ ጋር ልኬቱም አብሮ ይጠፋል። አብዛኛው ታካሚ ልኬቱን በቃሉ አያውቀውም። የታዘዘበትን ወረቀት ለመነጽር ቤቱ ሰጥቶ ባዶ እጁን ወጥቷል፤ የተመረመረበትም ካርድ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በታካሚው እጅ የነበረው ብቸኛ የልኬት ቅጂ አፍንጫው ላይ የነበረው መነጽር ነው ማለት ነው። ፍሬምና መስታወት በገንዘብ ይተካሉ። አስቸጋሪው ልኬቱን እንደገና ማግኘት ነው፤ እርሱን አስቀድሞ ከመጥፋት ማዳን ደግሞ በጤና ባለሙያው እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

ያለ መነጽር የሚቀረው ዕይታ

ታካሚው ምን ያህል እንደተቸገረ ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። ሩቅ ማየት የሚቸግረው፣ ማለትም ማዮፒያ ያለበት ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይበትን የመጨረሻ ርቀት ለማግኘት አንድ ሜትርን ለልኬቱ ማካፈል ነው። ልኬቱ ማይነስ 1 ዳይኦፕተር ከሆነ እስከ 1 ሜትር፣ ማይነስ 2 ከሆነ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማይነስ 5 ከሆነ ደግሞ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። በዕይታ መለኪያ ሰንጠረዥ ሲታይ ማይነስ 2 የሆነ ሰው በግምት 6/36 አካባቢ ያነባል፤ ከማይነስ 3 በላይ የሆነው 6/60ን እንኳ ማንበብ ሊሳነው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የዕይታ ጉድለትን የሚመድበው ሰውየው በመጣበት ሁኔታ፣ መነጽር ካለው በመነጽሩ፣ ከሌለውም ያለ መነጽር በሚያየው መጠን ነው። ከ6/60 በታች የሚያይ ሰው በዚህ አመዳደብ ከባድ የዕይታ ጉድለት ያለበት ይባላል። እንግዲህ ትናንት 6/6 ያነብ የነበረ መምህር መነጽሩ በጠፋ ማግስት ከዚህ ክፍል ሊገባ ይችላል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ሥውርነት፣ የዝቅተኛ ዕይታና የትራኮማ ጥናት ለዝቅተኛ ዕይታ ምክንያት ከሆኑት መካከል 33.4 በመቶው፣ ለዓይነ ሥውርነት ምክንያት ከሆኑት ደግሞ 7.8 በመቶው በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ሪፍራክቲቭ ኤረር መሆኑን አሳይቷል። በዓለም አቀፍ ደረጃም በሪፍራክቲቭ ኤረር ምክንያት የሩቅ ዕይታቸው ከተጓደለ ሰዎች መካከል ተስማሚ መነጽር ያገኙት 36 በመቶ ብቻ እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ሽፋን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በ40 የመቶኛ ነጥብ እንዲጨምር ግብ አስቀምጧል። በዚህ ስሌት «ተሸፈነ» የሚባለው መነጽር አንድ ጊዜ የተሰጠው ሰው ሳይሆን፣ በተጠየቀበት ቀን መነጽሩን አድርጎ በደንብ የሚያይ ሰው ነው። መነጽር ማደል ብቻውን ሽፋን አይደለም፤ የጠፋውን የሚተካ ሥርዓት ከሌለ የአንድ ዓመት ዕደላ ፍሬ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበተናል።

መነጽር የጠፋበት ሰው ሁሉ ግን እኩል አይቸገርም፤ ቅድሚያ የሚገባቸውን መለየት ያስፈልጋል። በጤና ጣቢያ ደረጃ በቀላሉ ሊታለፉ የሚችሉት በዕድሜ የገፉና ከብዙ ዓመታት በፊት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ ሞራው ከወጣ በኋላ በብዙዎች ዓይን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ አይገባም ነበር፤ በምትኩ ፕላስ 10 ዳይኦፕተር አካባቢ የሆነ ወፍራም መነጽር ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለ መነጽር ያደረጉ አንዲት እናት መነጽራቸው ቢሰበር በአንድ ሜትር ርቀት ያለ ጣት ከመቁጠር ብዙም አይዘሉም። ቤተሰቡም «ዓይናቸው እንደገና ጠፋ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ባለሙያው «እማማ፣ ከዚህ በፊት ዓይንዎን ተሠርተው ነበር ወይ? ወፍራም መነጽርስ ነበረዎት ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ በአንድ ጥያቄ መንገዱ ይገለጣል። እኒህ እናት መነጽሩ ሊተካላቸው፣ ወይም የዓይን ሐኪም መርምሮ ተገቢ ሆኖ ካገኘው ሰው ሠራሽ ሌንስ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊገባላቸው ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜ የማይሰጠው ሕፃን ነው። ከፍ ያለ ፕላስ ልኬት ያለው ወይም የሁለቱ ዓይኖቹ ልኬት በእጅጉ የሚለያይ የአምስት ዓመት ልጅ መነጽሩን የሚያደርገው ለዛሬ ዕይታው ብቻ አይደለም። ዓይንና አንጎል አብረው ማየትን የሚማሩበት ጊዜ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ዋነኛ ድርሻ አለው። በዚህ ጊዜ መነጽሩ ለወራት ቢቋረጥ ቀጥ ብሎ የነበረው ዓይን ወደ ውስጥ ሊሸውር፣ ደካማው ዓይንም አምብሊዮፒያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ጉዳት ልጁ ካደገ በኋላ በሚገዛ መነጽር ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ወላጅ «ቡና ሲሸጥ አሠራለታለሁ» ካለ መዘግየቱ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

አንድ ዓይናቸው ብቻ የሚያይ ሰዎች፣ ሾፌሮችና በመርፌና በክር የሚሠሩ ሠራተኞችም እንዲሁ ትኩረት ይሻሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሰባሰበው የልብስ ስፌት ሥራ ቀኑን ሙሉ የቅርብ ዕይታን የሚጠይቅ ነው፤ ፕላስ ልኬት ያላት ወጣት ሠራተኛ ያለ መነጽር ጠዋት በደንብ ሠርታ ከሰዓት በኋላ ራሷን ሊያማትና መስመሩ ሊደበዝዝባት ይችላል። የፈተና ጉዳይም አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር ብዙ ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ርቀው ለፈተና የሚያድሩበት ሁኔታ ተፈጥሯል። በእንዲህ ያለ ሰሞን መነጽሩ የጠፋበት ተማሪ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ማረጋጊያ ነው። ማይነስ 4 የሆነ ተማሪ ወረቀቱን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ ያለ መነጽር ማንበብ ይችላል፤ ይህም ዓይኑን አይጎዳውም። የማያየው የግድግዳውን ሰዓትና በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ስለሆነ ፈታኙ አስቀድሞ እንዲያውቅ አጭር የሕክምና ማስረጃ ይጻፍለት። ከፍ ያለ ፕላስ ልኬት ወይም አስቲግማቲዝም ያለበት ግን በማቅረብ ብቻ አይድንም፤ እርሱ በዚያው ቀን ሊላክ ይገባዋል።

በእርግጥ የጠፋው መነጽሩ ብቻ ነውን?

ታካሚው የማያይበትን ምክንያት ራሱ ይዞ ሲመጣ ባለሙያው መመርመሩን ሊዘነጋ ይችላል። መነጽሩ ከጠፋ ስድስት ወር ሆኖት ዕይታው የደከመው ግን ባለፈው ሳምንት ከሆነ፣ ምክንያቱ መነጽሩ ላይሆን ይችላል። ስለሆነም የእያንዳንዱ ዓይን ዕይታ ለየብቻው ይለካ። በሀዋሳ አካባቢ ለዚህ የሚመቸው በአራቱም አቅጣጫ የሚዞረው የ«ኢ» ሰንጠረዥ ነው፤ ታካሚው አማርኛም ሆነ ሲዳሙ አፎ ቢናገር፣ ፊደል ቢለይም ባይለይም በእጁ አቅጣጫውን ማሳየት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቀላሉና ርካሹ መሣሪያ ይመጣል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ የተበጀበት ጥቁር ካርቶን። በቀዳዳው ሲያይ ዕይታው በግልጽ ከተሻሻለ ችግሩ በአብዛኛው በመነጽር የሚስተካከል ነው። ካልተሻሻለ ወይም ከባሰበት የዓይን ሞራ፣ በትራኮማ ወይም በሌላ ምክንያት የመጣ የብሌን ጠባሳ፣ የሬቲና ወይም የዓይን ነርቭ ሕመም መጠርጠር አለበት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልኬታቸው በጣም ከፍ ያለ ሰዎች በቀዳዳ ቢያዩም ዕይታቸው ሙሉ በሙሉ ላይስተካከል ይችላል፤ ስለዚህ «በቀዳዳ አልተሻለውምና መነጽር አይረዳውም» ተብሎ አይደመደምም።

ከፍተኛ ማዮፒያ ያለበት ታካሚ ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል የመነጽሩ ነገር ይቆይና በዕለቱ ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ። በተደጋጋሚ ልኬቱ የሚቀያየርበትና ዓይኑን አዘውትሮ የሚያሽ አለርጂ ያለበት ወጣት ኬራቶኮነስ እንዳለበት ሊመረመር ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነም የደም ስኳሩ ይለካ፤ ስኳሩ ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ውስጡ ሌንስ ልኬትም አብሮ ይለዋወጣልና በዚያ ሰሞን የተሠራ መነጽር ስኳሩ ሲስተካከል የማይሆን ይሆናል። የደም ስኳሩ ለጥቂት ሳምንታት እስኪረጋ መጠበቅ ለታካሚው ገንዘብ ማዳን ነው።

አንዳንድ አረጋዊ ደግሞ በተቃራኒው ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። «የማንበቢያ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ያለ እርሱ አነባለሁ» ይላሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዓይን ሞራ የሌንሱን መሐል ሲያጠነክረውና ልኬቱን ወደ ማይነስ ሲገፋው ነው። ደስታቸውን ማጥፋት ባይገባም የሩቅ ዕይታቸውን መለካት ግን ግድ ነው።

የጠፋውን ልኬት ፍለጋ

ችግሩ የመነጽር መሆኑ ከታወቀ በኋላ የቀድሞውን ልኬት ማፈላለግ ይገባል። ፍለጋው ምርመራውን ለመተካት ሳይሆን ለማገዝ ነው፤ አዲሱ ምርመራ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ትንሽ ነው ወይስ የሚያጠራጥር የሚለው ይታወቃል። የተመረመረበት ተቋም ካርድ፣ የመነጽር ቤቱ መዝገብ፣ በመሳቢያ የተቀመጠ የድሮ መነጽር፣ የተሰበረም ከሆነ ስብርባሪው ሁሉ ምስክር ነው። ታካሚው ስብርባሪውን እንዳይጥል አስቀድሞ ቢነገረው መልካም ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያህል የሌንስ ቁራጭ እንኳ በመለኪያ መሣሪያ ሊነበብ ይችላል።

መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ሌንሱ ፕላስ ይሁን ማይነስ መለየት ቀላል ነው። ሌንሱን በእጅ ይዞ በርቀት ያለ መስቀለኛ መስመር፣ ለምሳሌ የመስኮት ማዕዘን፣ በእርሱ ውስጥ እያዩ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ነው። መስመሩ ሌንሱ ወደሄደበት አብሮ ከሄደ ሌንሱ ማይነስ ነው፤ በተቃራኒው ከሸሸ ፕላስ ነው። ሌንሱ እንደ መሪ ሲዞር መስመሩ የሚጣመም ከሆነ አስቲግማቲዝም አለ። የሙከራ ሌንሶች ያሉት ባለሙያ ደግሞ ተቃራኒውን ሌንስ እየደረበ እንቅስቃሴው ሲቆም ልኬቱን ያገኘዋል። መነጽሩ ጨርሶ ከሌለ የታካሚው ፎቶግራፍ እንኳ ይናገራል፤ ከመነጽሩ በስተጀርባ ዓይኑ ጎልቶ ከታየ ፕላስ፣ ዓይኑ አንሶ የጉንጩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ከታየ ማይነስ ነው። ይህ ልኬት ባይሆንም በማመላከቻ ወረቀት ላይ ቢጻፍ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ወረቀቱ ከተገኘም በጥንቃቄ ይነበብ። የፕላስና የማይነስ ምልክት በደብዛዛ የእጅ ጽሑፍ ከተቀያየረ ሙሉ መነጽር ይበላሻል። በሌላ በኩል ልኬቱ የተለወጠ መስሎ ሳይለወጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንዱ መርማሪ ስፌር ማይነስ 2.00፣ ሲሊንደር ማይነስ 1.00፣ አክሲስ 180 ብሎ የጻፈውን ሌላው ስፌር ማይነስ 3.00፣ ሲሊንደር ፕላስ 1.00፣ አክሲስ 90 ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ሁለቱ አንድ መነጽር ናቸው። ታካሚው «አንዱ ተሳስቷል» ብሎ ሲጨነቅ ይህን ማስረዳት የሚችል ባለሙያ አንድ አላስፈላጊ ጉዞ ያስቀርለታል።

ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ የሚጎድለው የሁለቱ ብሌኖች ርቀት ነው። የሌንሱ መካከል ከብሌኑ ፊት ካልዋለ ሌንሱ ጨረሩን ወደ ጎን ያጥፈዋል፤ ዝቅተኛ ልኬት ላይ ይህ ላይሰማ ይችላል። 8 ዳይኦፕተር በሆነ ሌንስ ላይ ግን 5 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በአንድ ዓይን 4 ፕሪዝም ዳይኦፕተር ያህል ይሆናል፤ ራስ ምታትና ሁለት ሁለት ማየት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከፍ ባለ ልኬት ላይ ሌንሱ ከዓይን ያለው ርቀትም ለውጥ ያመጣል። ወፍራም ፕላስ መነጽር ያደረጉ አረጋውያን ለማንበብ ሲፈልጉ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ የሚያደርጉት ማንም ሳያስተምራቸው ይህን ስላወቁት ነው። አንድ ዓይን ብቻ ላለው ሰው ደግሞ በቀላሉ የማይሰበር የፖሊካርቦኔት ሌንስ ቢታዘዝ መነጽሩ ዕይታም ጋሻም ይሆንለታል።

እስኪሠራ ድረስ

በሀዋሳ የዓይን ምርመራ በዩኒቨርሲቲው ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲው እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን በመሆኑ በዚህ ረገድ ከተማዋ ከብዙዎች የተሻለች ናት። ይሁን እንጂ በመደርደሪያ የማይገኝ ልኬት ታዝዞ መምጣት ሊኖርበት ይችላል፤ አዲስ አበባም 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ በመካከል ያሉት ቀናት እንዴት ይለፉ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

የድሮው መነጽር ልኬቱ ጥቂት ቢያንስም ከምንም ይሻላል፤ አዋቂ ሰው ለጊዜው ቢጠቀምበት ዓይኑ አይበላሽም። ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነውና ሩቅ በደንብ ለሚያየው ሰው በየሱቁና በየመንገዱ የሚሸጠው ዝግጁ የማንበቢያ መነጽር ተገቢው ቁጥር ከተመረጠ በቂ ነው። እኛ ባለሙያዎች ይህን መነጽር በጅምላ ስናወግዝ እንሰማለን፤ ነገር ግን የሁለቱ ዓይኖቹ ልኬት እኩል ለሆነና አስቲግማቲዝም ለሌለበት ሰው ማውገዙ ተገቢ አይመስለኝም። ለሕፃናት፣ ልኬታቸው ለሚለያይና ለሾፌሮች ግን አይሆንም። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ተቀምጦ ሰሌዳ ለማንበብ ይረዳል፤ የዕይታ አድማስን ስለሚያጠብብ ለመራመድና ለማሽከርከር አደገኛ ነው። የስልክ ካሜራም የሩቁን አቅርቦ ማሳየት ስለሚችል ብዙ ተማሪዎች ሳይነገራቸው ይጠቀሙበታል።

መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚለው አመለካከት በዚህ ወቅት ይጠነክራል። ታካሚው መነጽሩ በጠፋ በወሩ «ዓይኔን እያስለመድኩት ነው» ይላል። የለመደው ዓይኑ ሳይሆን እርሱ ነው፤ ዓይኑን አጥብቦ ማየትን፣ ሰው በድምፁ መለየትን፣ ማታ አለመውጣትን ለምዷል።

የገንዘቡ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምርመራውን ሲሸፍን መነጽር ግን ከጥቅል አገልግሎቱ ውጭ ከተደረጉት አንዱ ነው። አባሉ ደብተሩን ይዞ፣ ተመርምሮ፣ ልኬቱን ተቀብሎ ከበሩ ሲወጣ ሙሉ ዋጋውን ከኪሱ ይከፍላል። ለዚህ ነው ታካሚው ከመላኩ በፊት ሌንሱና ፍሬሙ ተለይተው እንደሚሸጡ፣ ፍሬሙ ደህና ከሆነም ሌንስ ብቻ ማስገባት እንደሚቻል ሊነገረው የሚገባው። አቅም ለሌለው ቤተሰብ የሕፃኑ መነጽር ከአዋቂው ቢቀድም ይመረጣል።

አዲሱ መነጽር ሲመጣ ታካሚው አድርጎት ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስና በዚያው በ«ኢ» ሰንጠረዥ ይለካ። መጀመሪያ ላይ ወለሉ ዘመም ያለ መስሎ ቢታየው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምደዋል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ወደ መረመረው ይመለስ። በዚያው ዕለት ልኬቱ፣ የብሌኖቹ ርቀትና የተመረመረበት ቀን በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ቅጂ ለታካሚው ይሰጥ፤ ሦስተኛው በልጁ ወይም በጎረቤቱ ስልክ ፎቶ ይነሣ። ለአረጋውያንና ለሕፃናት መነጽሩ በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ክር ይሠራለት። ስልክ በሌለበት ቤትም ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጤና መድኑ ደብተር ጋር ይቀመጥ።